የቡሌው ጉድጓድና የእኔ አብሲት

ከተመለስኩ ጀምሮ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች «ዲላ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ስነግር ወሬው በየቤቱ እያደገ ሄደ፤ ባለፈው ሳምንት ከአንዷ ቤት ተመልሶ ሲመጣ ነብር አሳድዶኝ ነበር። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ነብር የለበትም። ፊደል የቆጠርኩት ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዳዊት ሲደግም በትከሻው ላይ አጮልቄ እያየሁ ነውና የተሳሳተ ፊደል ብታገኙ ትከሻው ከልሎኝ ነው በሉ።

ለምን እንደሄድኩ አስቀድሜ ልናገር። ልጄ ጌታቸው ባለፈው ዓመት አገባና ሚስቱን ዘነበችን ጉለሌ እኔ ቤት አስገባት። ዘነበች መልካም ልጅ ናት፤ ወጧም ክፉ አይደለም። እኔ ግን ክዳን አነሳለሁ። ድስት ተጥዶ ካየሁ እጄ አይቆምም፤ አነሳለሁ፣ አማስላለሁ፣ ጨው እጨምራለሁ። አንድ ቀን እሷ ጨው ጨምራ ኖሮ እኔም ጨመርኩ። ጌታቸው በላና ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። በሳምንቱ ኮልፌ የሚከራይ ቤት እየፈለገ መሆኑን ሰማሁ። ለሚስቱ «ከፋሲካ በፊት እንወጣለን» ሲላት ነው የሰማሁት። የሰማሁት በራቸው ሥር ቆሜ ነው፤ የማነሳው የድስት ክዳን ብቻ አይደለም።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እሳቸውም ሰምተው ሰምተው፣ «አስካለ፣ ሆድሽ ይጾማል፤ እጅሽን ማን ይጹምልሽ?» አሉኝ። ከዚያም፣ «ወጣ በይ። የማታውቂውን ሥራ ተማሪ። የማያውቅ ሰው እጁን ይሰበስባል» አሉ። ዲላ የባሌ የአክስት ልጅ በላይነሽ አለች። ስንቄን ቋጠርኩ።

ሰኞ

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ማለዳ፣ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ ለበላይነሽ የያዝኩት አንድ ቆርቆሮ በርበሬ አለ። እስከ ሞጆ ደህና ሄድን። ከሞጆ እንደወጣን በርበሬው ታፍኖ እንዳይሻግት ብዬ ሰጋሁና ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። መኪናው የዚያኔ ጉድጓድ ገባ።

እስከ መቂ ድረስ አውቶብሱ በሙሉ አስነጠሰ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አቁሞ ዓይኑን ታጠበ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘወር ብለው፣ «እመቤት፣ ዲላ በርበሬ የለም ያለሽ ማነው?» አሉኝ። እኔም እያስነጠስኩ ነበር።

ሻሸመኔ አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሴት፣ ዓይኔን አይታ «ሰው ሞቶብሽ ነው እንዴ?» አለችና ለብ ያለ ውሃና እርጎ አመጣችልኝ። በርበሬ ነው ለማለት አፍሬ እርጎውን ጠጣሁ። ማንም ያልሞተበት ሰው የተጽናናበት ሌሊት ነው።

ማክሰኞ

ከሐዋሳ ወዲያ አቧራው ይነሳል፤ አቧራው መለስ ሲል ደግሞ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኛ ጉለሌ ያለን ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩ ሣር አያበቅልም። እዚህ ትልቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆናል፣ ቡናው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተተክሏል። እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ያድጋሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን መኖር ያቃተን እኛ ትዝ አልነኝ።

እኛ ዘንድ ቤት የሚታወቀው በአጥሩ ነው፤ እዚህ በእንሰቱ ነው። እንሰት ለማያውቅ፣ ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው።

በላይነሽ ዲላ መኪና መናኸሪያ ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ። ባሏ አቶ መኩሪያ አቡጀዲ ይሸጣል። ሁለቱም ከአገራችን ከወጡ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የተረፈውን በርበሬ ሰጠኋት። ከሥር የቀረውን አየችና፣ «እትዬ አስካለ፣ ደክመሽ አመጣሽልኝ» ብላ ሳመችኝ።

ረቡዕ

በላይነሽ ሱቅ ስትውል እኔ ቤት ዋልኩ። ሽሮ ተጥዶ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ።

ማታ ራት ላይ በላይነሽ ቀምሳ፣ ባሏን አየችው፤ እሱም እሷን አያት። «እትዬ፣ የዲላ ሙቀት አይስማማሽም መሰለኝ» አለችኝ። እኔ ምንም ሙቀት አልተሰማኝም ነበር። «ቡሌ ደጋ ነው። ሎኮ የምትባል ወዳጅ አለችኝ፣ ቆጮ የምታመጣልን። እዚያ አየር ትለውጫለሽ፤ እጅሽም ሥራ አያጣም።»

አንድ ወር ክረሚ ተብዬ በተጋበዝኩበት ቤት በሁለተኛው ቀን አየር ለውጪ ተባልኩ።

ሐሙስ

አንዲት ላንድሮቨር ከመንገዱ ግማሽ አድርሳ አወረደችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃና ዳገት ነው። የሎኮ ባል ጂሎ በቅሎ ይዞ መጥቶ ነበር። ረጅም፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ የወንጌል አማኞች ሽማግሌ ነው። በቅሎዋ ላይ አውጥቶኝ መሄድ ስንጀምር ኮርቻው የላላ መሰለኝና ልጓሙን ትቼ መቀነቻውን ልፈትሽ ጎንበስ አልኩ። ጂሎ ከጭቃው ካነሳኝ በኋላ፣ «ኮርቻው ደህና ነበረ» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ሊያሳውቀኝ ብቻ ነው።

ቡሌ ከእንጦጦ ይበርዳል። ቤታቸው የቀርከሃ ነው፤ በውስጡ ሦስት በርጩማ፣ የመኝታ ቆዳ፣ ጥቂት ቅልና አንድ ትልቅ ድስት አለ። ድስቱን ፈልጌ አየሁት። ክዳን የለውም፤ በእንሰት ቅጠል ነው የሚሸፈነው። ደስ አለኝ፣ ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ወዲያው አላወቅሁም።

ሎኮ አማርኛን ከገበያ ነው የለመደችው፤ እኔንም «አንተ» ትለኛለች። አላረምኳትም። እሷ የእኔን ቋንቋ እንዲህ አድርጋ ታውቃለች፤ እኔ የእሷን የጌዴኦን ቋንቋ በምንም አድርጌ አላውቅም።

«አንተ ብርድ መታህ። እሳት ጋ ና» አለችኝና የሞቀ ቆጮ በጎመን ሰጠችኝ። ቅቤ አድርገውበታል። በማግሥቱ ዓርብ ሲሆን ግን የእኔ ያለ ቅቤ ለብቻው ቀረበ። እነሱ የእኛን ጾም አይጾሙም፤ ማን እንደነገራቸውም አልጠየቅሁም።

ዓርብና ቅዳሜ

ልጃቸው ማርታ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። የሰርጉ ቆጮ አሁን መቀበር አለበት ተብሎ ሦስት ትልልቅ እንሰቶች ተቆረጡ። ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም፤ ጂሎ ራቅ ብሎ አጥር ያጥራል። እኔ ሳንቃ ፊት ተቀምጬ፣ በአንድ እግሬ ግንዱን ይዤ፣ ከቀርከሃ በተሰነጠቀ መፋቂያ ወደ ታች መፋቅ ተማርኩ። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ክሩ እጅ ላይ ይቀራል፤ ክሩ ቃጫ ነው።

«ወደ ታች። ወደ ታች። አንተ ወደ ላይ ታያለህ» አለችኝ ሎኮ።

«የእናንተ ድስት ፈልቷል ብዬ ነው።»

«ይፍላ።»

ማርታ ትምህርት ቤት ገብታለችና አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። «እነዚህ እንሰቶች እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ የተተከሉ ናቸው። ሰባት ዓመት ሞላቸው» አለችኝ። የእኛ ጤፍ በመስከረም ቅጠል፣ በጥር እንጀራ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ምግብን ቆሞ ማየት ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሆነ ገረመኝ።

ቅዳሜ ማታ የተፋቀው ሁሉ እርሾው ተደባልቆ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጉድጓድ ገባና ድንጋይ ተጫነው። ስንት ቀን ይቆያል ብዬ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት ያቦካ ሰው ስንት ቀን ብሎ አይጠይቅም።

እሑድ

እነሱ መዝሙር ቤታቸው ሄዱ። እኔ እንሰት ሥር ተቀምጬ ዳዊቴን ደገምኩ። ሲመለሱ ጂሎ፣ «ስለ ምን ጸለይሽ?» አለኝ።

«ልቤ እንዲረጋ።»

«ጥሩ ነው። እኛ ስለ ዝናብ ነበር።»

ማታ ዘነበ።

ማክሰኞ

ሦስተኛ ቀን ነው። ሎኮና ማርታ ገበያ ሄዱ፣ ጂሎ ማሳ ወረደ። ግቢው ውስጥ እኔና ጉድጓዱ ብቻ ቀረን።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፣ ሊጥ በሦስት ቀን ይቦካል። ዝናቡ ግን መሬቱን አቀዝቅዞታል፤ ሳይቦካ ቢቀር የልጅቷ ሰርግ ይበላሻል። ይህ ሁሉ በቅንነት ነው። ድንጋዩን አነሳሁ፤ ቅጠሉን ገለጥኩ። አልኮፈሰም። አረፋ የለውም። ከላይ ያቀረረውን ውሃ እንደ ሊጥ ውሃ ቀድቼ ደፋሁ። ከዚያ ከሥጋው አንድ ቅል ሙሉ ወስጄ በድስቱ ቀቀልኩና እንደፈላ መልሼ ጨመርኩበት፤ በደንብም አሸሁት። አብሲት ጣልኩለት ማለት ነው። አሳምሬ ሸፈንኩ። ከጉለሌ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ልቤ ረክቶ አያውቅም።

ሎኮ ስትመለስ በር ላይ ተቀበልኳት። «አብሲት ጣልኩልሽ!» አልኳት።

ማርታ ቃሉን ለመተርጎም አፏን ከፍታ ተወችው። ሎኮ የገበያውን ጭነት አወረደችና ሄዳ ተንበረከከች። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች።

«ሞቀ» አለች። 

ማርታ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ በዚህ ብርድ ቢያንስ አንድ ወር፣ የሰርጉ ደግሞ ከዚያም በላይ ሳይነካ ይተኛል። አየር ከገባው ይበላሻል። የቀቀለው ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ስለሌለ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

በማግሥቱ ምን እንደሚሆን አወቅን። ሽታው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ጠራ። እኔ በአንድ ቅል አብሲት ሰባት ዓመት ደፋሁ፤ እንሰቶቹም ሦስት ናቸው። ከተበላሸው ጥቂቱ ለቤቱ ላም ተሰጣት። በዚያ ግቢ በእኔ ደስ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

ረቡዕና ሐሙስ

ሴቶቹ መጡ። አንድ በአንድ ጉድጓዱን አዩት፣ ቀጥሎም እኔን። ጥርስ የሌላቸው አንዲት አሮጊት ረጅም ነገር ተናግረው ሁሉም ሳቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት ማርታን።

«ምንም።»

«ንገሪኝ።»

«ጅብ ከፍቶ ይበላል እንጂ አይቀቅልም አሉ።»

ያን ቀን ማልቀስ ያማረኝ ስለ እንሰቱ ብቻ አልነበረም። ጉለሌ ያደረግሁትን አገር አቋርጬ መጥቼ እዚህም አደረግሁት። ልጄ ኮልፌ ቢገባ፣ እኔ ባዶ ቤት ውስጥ የራሴን ክዳን ሳነሳ እኖራለሁ ማለት ነው። አንገቴ ላይ ያለችውን የብር መስቀል ፈትቼ ለሎኮ ዘረጋሁላት። መልሳ ራሷ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። «ይሄ የአንተ ጸሎት ነው። እንሰት አይሆንም» አለች።

ማታ ጂሎ ከእራት በፊት ጸለየ፤ ስለ እኔ በመሆኑ በአማርኛ አደረገው። «ጌታ ሆይ፣ የእህታችንን እጅ ሥራ ወዳድ አድርገሃል፤ እናመሰግንሃለን። አሁን ደግሞ ጥቂት አሳርፈው።» ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ጎረቤቶች ከየጓሯቸው አንድ አንድ እንሰት ቆርጠው አመጡ። ቀልደኛዋ አሮጊት ከሁሉ የሚበልጠውን አመጡ። ከጠዋት እስከ ማታ ፋቅን። እጄ ቆስሎ ስለነበር ወደ ላይ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። ሲቀበር ሎኮን፣ «ምን ላድርግ? ሥራ ስጪኝ» አልኳት።

«አንተ ጉድጓድ ጠብቅ።»

«ከምን?»

«ከፍየል። ከውሻ።» ትንሽ አሰበችና፣ «ካንተ» አለች።

ዘጠኙ የጥበቃ ቀናት

ከቡሌ ማዶ የጥንት ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያያቸዋል ይላሉ። እኔ ዘጠኝ ቀን አምስት ድንጋይ አየሁ፤ ጉድጓዱ ላይ የተጫኑትን። አራቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዱ ቀላ ይላል።

በመጀመሪያው ቀን በሬ ወለደ የሚባል ነገር ሁሉ አሰብኩ። ይፈላ ይሆን፣ ይደርቅ ይሆን፣ ትል ገብቶበት ይሆን እያልኩ እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ሎኮ አይታኝ ሄደችና የደረቀ ቃጫ አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። ክሩን በሁለት ከፍሎ፣ በጭን ላይ ዳምጦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ መጠምዘዝ አሳየችኝ። ገመድ ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያዬን ገመድ ጂሎ ለፍየሉ አሰረበት። ፍየሉ ሳይጎትት እንዲያው ቆሞ እያለ ተፈታ። ሁለተኛው እስከ እኩለ ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ፍየሉ ጎትቶ አቃተውና ዘወር ብሎ አየኝ። ከልጄ የኮሌጅ ወረቀት ወዲህ እንደዚያ አልኮራሁም።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «ጉድጓዱ እንዴት ዋለ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጉድጓዱ አላሰብኩም። ገመድ ስጠመዝዝ፣ ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሲነሳ ሳይ፣ ዳዊት በቃሌ ስል ነው የዋልኩት። ሮጬ ሄጄ ዳሰስኩት። ድንጋዩን ብቻ።

ስሰናበት ሎኮ በቅጠል ጠቅልላ፣ በራሴ ገመድ ያሰረችው ቆጮ ሰጠችኝ፤ ዓምና ከተቀበረ ሌላ ጉድጓድ የወጣ ነው። «ቤት ሳትደርስ አትፍታ» አለች። አሮጊቷም ሊሸኙኝ መጥተው ጉንጬን ሳሙኝና አንድ ነገር አሉኝ። ማርታ አልተረጎመችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

መመለስ

በላይነሽ ዘንድ አንድ ሌሊት አደርኩ። ሽሮ ተጥዶ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ገመድ ስጠመዝዝ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሻሸመኔ ያቺው ደግ ሴት አወቀችኝና፣ «ኀዘንሽ ቀለለ?» አለችኝ። ቀለል ብሏል አልኳት። ጥቅሉን ሁለት ቀን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤ ተጓዝኩ። ሻግቶ ይሆን የሚለው ሐሳብ ዝዋይ ላይ አንዴ መጣብኝ፤ መቂ ላይ ወረደ።

ጉለሌ ስገባ ዘነበች ብቻዋን ነበረች። ጥቅሉን እንደታሰረ ሰጠኋት። «ምንድነው እማማ?» አለች። «ፈትተሽ እዪው» አልኳት። ተቀብላ አየችኝ፤ ያመመኝ መስሏታል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ምስር ጥዳ ጎረቤት ቤት ብቅ አለች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቃጫዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ድስቱ ፈላ። ክዳኑ ተንቀጫቀጨ። ቆየና መንቀጫቀጩን ተወ። ሌላ ሽታ መጣ። ገመዴ አንድ ክንድ ጨመረ።

ዘነበች እየሮጠች ገባች። «ውይ! እማማ፣ አልሸተተዎትም?»

«ሸተተኝ።»

«ታዲያ ምነው አላወጡትም?»

«የአንቺ ድስት ነው ብዬ።»

ድስቱን አወረደችና ክዳኑን አንስታ የጠቆረውን አየች። ከዚያ ሳቀች። ቤታችን ከገባች እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ መቀመጥ እስኪያቅታት ሳቀች፣ ክዳኑም ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። እግሬ ሥር ሲደርስ ቆመ። እሷው አነሳችው።

ማታ ጌታቸው የጠቆረውን ምስር በቆጮ በላ። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። አፉን ጠርጎ ግድግዳውን እያየ፣ «ያ የኮልፌው ቤት ጣሪያው ያፈሳል አሉ» አለ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ዘነበች።

ወሩ የካቲት ነው፤ ጉለሌም ኮልፌም ከኅዳር ወዲህ ጠብታ አልወረደም። ጣሪያው ማፍሰሱን በምን አወቃችሁ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። አልጠየቅሁም።